የአምስት ዳኞች ፊርማ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔን በኢንተርኔት አምኖ ስለ ማንበብ

የደብረ ሲናና የጣርማ በር ነዋሪዎች፣ ከቆላው ከሸዋ ሮቢትና ከቀወት፣ ከአጣዬና ከኤፍራታ ግድም ዳገቱን ወጥታችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ውሳኔውን በኢንተርኔት ለሕዝብ ሲያወጣ፣ በአንባቢው እጅ የገባው ጽሑፍ ዳኞቹ የፈረሙት ጽሑፍ ራሱ መሆኑ በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ ይህ ጥያቄ ለምን የሁላችንም እንደሆነ አሳያለሁ። ቀጥዬ አደጋው ከየት እንደሚመጣና መድኃኒቱ ምን እንደሆነ እናገራለሁ። በመጨረሻም ሁለት ከባድ መቃወሚያዎችን አንሥቼ እመልሳለሁ፤ አንደኛው ስለ ሰው ገመና ነው፣ ሁለተኛው ኢንተርኔት በሌለበት አገር ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። የያዝኩትን አቋም አስቀድሜ ልግለጽ፦ ለፍርድ ቤት ውሳኔ የሚያስፈልገው ጥበቃ የተፈረመው ቃል ሳይለወጥ ለሁሉም እንዲደርስ የሚያደርግ ጥበቃ ነው። ደኅንነትን ከመሸሸግ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ አሠራር ፍርዱንም ሕዝቡንም ይጎዳል።

ብዙዎቻችን ፍርድ የተከራካሪዎቹ ብቻ ጉዳይ ይመስለናል። ሁለት ሰዎች በወሰን ይጣላሉ፣ ዳኛ ይፈርዳል፣ መዝገቡ ይዘጋል፤ ሌላውን ሰው ምን አገባው? ይህ አስተሳሰብ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በሕግም አያስኬድም። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለውን የፌዴራልም ሆነ የክልል ፍርድ ቤት እንደሚያስገድድ ደነገገ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በሁለት የማታውቋቸው ሰዎች መካከል በውርስ ወይም በውል ክርክር የተሰጠ የሕግ ትርጉም ነገ በወረዳችን ፍርድ ቤት በእናንተ መዝገብ ላይ ይጠቀሳል፤ ዳኛውም ሊከተለው ግዴታ አለበት። ያው አዋጅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስገዳጅ ትርጉም የያዙትን ውሳኔዎች አሳትሞ እንዲያሰራጭ አዝዟል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 አስገዳጅነቱን አጸና፤ ቀድሞ የተሰጠው ትርጉም የሚለወጠውም ከሰባት ያላነሱ ዳኞች በሚሰየሙበት ችሎት እንዲሆን አደረገ። ሰባት ዳኞች የሚጠየቁበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሰበር ትርጉም ሰው የሚተማመንበት፣ ውል ሲዋዋልና ሲናዘዝ የሚያስበው ነገር ሆኗልና በቀላሉ ሊናወጥ አይገባም።

እንግዲህ የሕግን ሥራ የሚሠራ ጽሑፍ እንደ ሕግ መታወጅ አለበት። አዋጅ የት እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3 የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቁሞ የፌዴራል ሕጎች በእርሱ እየወጡ ነው። ጠበቃው ቁጥሩንና ዓመቱን ይጠቅሳል፣ ዳኛው ጋዜጣውን ገልጦ ያመሳክራል፣ ክርክሩ በዚያው ያልቃል። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ሲደነግግ፣ ሕጉ ማንም ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መውጣቱን መነሻ አድርጎ ነው። የሰበር ውሳኔም በየቅጹ ይታተማል፤ ቅጾቹ ከሃያ አልፈዋል። ታዲያ እነዚያን መጻሕፍት በቤቱ የያዘ የይፋት ገበሬ አለ? በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊስ ሁሉንም ቅጽ ያገኛል? ስለዚህ ውሳኔው በኢንተርኔት መውጣቱ እንደኛ ላለ ሩቅ አገር ቅንጦት አይደለም። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚኖር ባለጉዳይ ሕጉን ከጠበቃው ጋር እኩል የሚያይበት ብቸኛው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። የሰበር ቅጾችን ያገላበጠ ሰው በየውሳኔው መጨረሻ የሚታተመውን አንድ መስመር ያውቃል። ዋናው ቅጂ የአምስት ዳኞች ፊርማ እንዳለበት፣ ፊርማው ግን እንደማይነበብ የሚገልጽ መስመር ነው። ትንሽ መስላ ትልቅ ሥራ የምትሠራ መስመር ናት። አንባቢውን «በእጅህ ያለው ግልባጭ ነው፤ ዋናው በመዝገብ ቤት አለ፤ አምስት ሰዎች ስማቸውንና ኅሊናቸውን አስይዘውበታል» ትለዋለች። አንባቢውም የሚያምናት መጽሐፉን ያሳተመው ፍርድ ቤቱ ራሱ በመሆኑ ነው፤ ሽፋኑ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሌሎች ቅጾች ሁሉ ይመሰክሩላታል። ዛሬ ግን የሰበር ውሳኔን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ መጽሐፉ አይሄድም። ፍርድ ቤቱ በድረ ገጹ ያወጣዋል፤ እንደ አቢሲኒያ ሎው ያሉ የግል ድረ ገጾች ሰብስበው ያስቀምጡታል፤ ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች በቴሌግራም ይቀባበሉታል። እነዚህ ሰዎች ለአገሪቱ ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ እነርሱ ባይኖሩ ብዙ ዳኛና ብዙ ጠበቃ ባዶ እጁን በቀረ ነበር። ነገር ግን ያቺ መስመር በቴሌግራም በመጣ ፒዲኤፍ መጨረሻ ላይ ስትገኝ ማረጋገጫነቷ ያበቃል። ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ ሊጽፋት ይችላል። ሽፋኑ የለም፣ መደርደሪያው የለም፣ ምስክሩ ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ስሕተቱ ሁልጊዜ ከተንኮል ይመነጫል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የበለጠ የምሰጋው ሳይታሰብ የሚመጣውን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት መሥሪያ ቤቶቻችን በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ይጽፉ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ከፒዲኤፍ ላይ ሲቀዳም እንዲሁ። ሌላው ሰነድ ደግሞ በስካነር የተነሣ ፎቶግራፍ ስለሆነ ቃል ሊፈለግበት አይቻልም። ስለዚህ ጠቃሚውን አንቀጽ ለመጥቀስ የሚሻ ሰው በእጁ እንደገና ይተይበዋል። ከተየበው ሌላው ይቀዳል፣ ከእርሱም ሌላው። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ባለመብትን ባለዕዳ ለማድረግ ከግሱ ፊትና ኋላ ያሉ ጥቂት ፊደላት ይበቃሉ። «ሊጠየቅ ይገባል» የነበረው «ሊጠየቅ አይገባም» ሆኖ ቢተላለፍ ዐይን ቶሎ አያየውም፤ በዚያ ቃል ግን ቤት ይፈርሳል።

ስጋቱ የተጋነነ የሚመስለው ካለ የሌሎችን አገሮች ነገር ልጨምር። በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ጠበቆች በአቤቱታቸው የጠቀሷቸው በርካታ ውሳኔዎች ጨርሶ ያልተሰጡ ሆነው ተገኙ። ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም የፈጠራቸው ነበሩ፤ የተከራካሪ ስም፣ ቁጥርና ፍርድ ቤት ሁሉ ነበራቸው። ጠበቆቹ 5,000 ዶላር ተቀጡ። ሐሰቱ የተያዘው ተቃራኒው ወገንና ዳኛው ውሳኔዎቹን ፈልገው ሊያጡ በመቻላቸው ነው። ሊያጡ ቻሉ ስል አስተውሉልኝ፤ ሁሉም ውሳኔ የታወቀ ቦታ ባለበት አገር «አጣሁት» ማለት ማስረጃ ይሆናል። ቦታው ባልታወቀበት አገር ግን «ምናልባት ገና ያልታተመ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያስተምራል፤ በዚህኛው ውስጥ አታላይ የለበትምና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በድረ ገጹ ካወጣ በኋላ ለሕዝብ ሳያሳውቅ ቃላትን ያርም እንደነበር ሪቻርድ ላዛረስ የተባሉ የሃርቫርድ የሕግ ምሁር በ2014፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አሳዩ። ፍርድ ቤቱ ከ2015 የሥራ ዘመኑ ጀምሮ እንዲህ ያለውን እርማት በድረ ገጹ ላይ ምልክት ማድረግ ጀመረ። ዳኛ ስሕተቱን ማረሙ ነውር የለበትም፤ የእኛም የሥነ ሥርዓት ሕግ የጽሕፈት ስሕተትን ማረም ይፈቅዳል። ነውሩ ትናንት የተነበበው ቃል ዛሬ በዝምታ ሌላ ሆኖ መገኘቱ ነው። እርማቱ ይጻፍ፣ ቀኑ ይጻፍ፣ የቀድሞውም ከጎኑ ይቆይ። በሰባት ዳኞች የተለወጠ ትርጉም ሲኖርም እንዲሁ፤ አሮጌው ውሳኔ ከድረ ገጹ አይጥፋ፣ መለወጡ ግን በግንባሩ ላይ ይነገር።

መድኃኒቱ ሊገባን የማይችል ምሥጢር አይደለም፤ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ሃሽ የሚባል ስሌት አለ። ማንኛውም ፋይል፣ ሁለት ገጽም ይሁን ሁለት መቶ፣ በዚህ ስሌት ሲያልፍ ርዝመቱ የማይለዋወጥ የፊደልና የቁጥር ድርድር ይሰጣል፤ ሻ-256 በሚባለው ዓይነት 64 ምልክት ይሆናል። ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትነሣ ድርድሩ ጨርሶ ይለወጣል። ስለዚህ ያንን ድርድር የያዘ ሰው ፋይሉ እንዳልተነካ በቅጽበት ያውቃል። ፍርድ ቤቱ በዚህ ድርድር ላይ በዲጂታል መንገድ ይፈርማል። ለዚህ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከፍርድ ቤቱ እጅ የማይወጣ፣ ሁለተኛው ለሕዝብ ሁሉ የሚሰጥ። ማኅተም በሣጥን ተቆልፎ አሻራው ግን በአደባባይ እንደሚታይ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ቁልፍ የሚፈርመው ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ቁልፍ ግን ማንም ፊርማውን ይመረምራል። የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት የሕግ ሰነዶችን በዚህ ዓይነት ፊርማ እያወጣ ነው። እኛም ሕጉ አለን፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ለእንዲህ ያለው ፊርማ የሕግ ዋጋ ሰጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። በድረ ገጽ አድራሻ ላይ የሚታየው የቁልፍ ምልክት ይህንን ሥራ አይሠራም። እርሱ የሚጠብቀው ከፍርድ ቤቱ ሰርቨር እስከ ስልካችሁ ያለውን መንገድ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ቢሰበር ወይም ፋይሉ ወርዶ በሌላ ሰው እጅ ቢያልፍ ምንም አያውቅም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሰነዘሩትን የጥቃት ሙከራ ማክሸፉን ማስታወቁ ይታወሳል፤ ሰርቨርን መጠበቅ ስለዚህ ተገቢ ነው። በሰነዱ ውስጥ የተቀመጠ ፊርማ ግን ሰነዱ በሄደበት አብሮ ይሄዳል፤ በቴሌግራም ቢመጣ፣ በፍላሽ ቢመጣ፣ በማን እጅ ቢያልፍ ያው ነው። የግል ድረ ገጾቹና የቴሌግራም ቡድኖቹም ከሥጋት ምንጭነት ወጥተው የፍርድ ቤቱ ቃል አድራሾች ይሆናሉ። ሌላው የማሳስበው ቁልፉ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 79 የዳኝነትን ነፃነት ሲያረጋግጥ የዳኛው ብዕር ከአስፈጻሚው እጅ ውጭ እንዲሆን ፈልጎ ነው። የመፈረሚያው ቁልፍም ያው ብዕር ነው። በአስፈጻሚው ሥር ያለ መሥሪያ ቤት የቁልፉን ባለቤት ማንነት ቢመሰክር አይከፋም፤ ቁልፉን ግን የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ብቻ ይያዘው።

ወደ መቃወሚያዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ ውሳኔው በኢንተርኔት ሲወጣ የሰው ገመና አብሮ ይወጣል። በታተሙት ቅጾች ውስጥ የአመልካችና የተጠሪ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው፣ በኢንተርኔት ሲሆን ግን ስሙን የፈለገ ሁሉ ፍቺውንም ዕዳውንም ያገኘዋል። ይህ መቃወሚያ እውነት አለው፣ በአክብሮትም መመለስ አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ሲያዝ፣ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ በዝግ ሊሆን የሚችልበትን ሁኔታም አስቀምጧል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1321 ወጥቷል። ነገር ግን መልሱ ውሳኔውን መደበቅ ሊሆን አይችልም። በ2000 ዓ.ም. በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 የተሰጠውን ውሳኔ አስቡ። ችሎቱ የሕፃናት መብት ስምምነትንና ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ፣ በልጅ አስተዳደግ ክርክር ከወላጅ መብት ይልቅ የልጁ ደኅንነት እንዲቀድም ወሰነ። የቤተሰብ ገመና ነው ተብሎ ተቆልፎ ቢቀር ኖሮ በኋላ የመጡ ሕፃናት ሁሉ ያንን ጥላ ባጡ ነበር። ከውሳኔው የምንማረው ሕግ ግን የማንንም ስም አይፈልግም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሐምሌ 2018 ጀምሮ፣ እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ የአባል አገሮች ፍርድ ቤቶች ለትርጉም በሚልኩለት ጉዳይ የግለሰቦችን ስም በፊደላት ይተካል፤ ሕጉ በዚህ ምክንያት አልደበዘዘም።

ይሁን እንጂ ስም መሰወር ብቻውን እንደ እኛ ባለ አገር አይበቃም፤ ይህ ከአውሮፓ የሚቀዳ መፍትሔ ሳይሆን እኛው የምናስብበት ነው። ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ ስሙ የተሰወረ ሰው ይሰወራል። በአንድ ቀበሌ ግን «የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና የፈታት ሚስቱ» ከተባለ ስም መጻፉ ምን ይጨምራል? ስለዚህ በሕፃናት፣ በአስገድዶ መድፈርና በበሽታ ጉዳዮች ቀበሌውም፣ ሥራውም፣ የልጆቹ ቁጥርም ለሕጉ ነጥብ ካላስፈለገ መውጣት አለበት። ይህንን የሚሠራው ሰው ፍርዱን ያነበበና ሕጉን የሚያውቅ ይሁን፤ የሚሠራበትም መንገድ ይጠና። በጥር 2019፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ፖል ማናፎርት የተባለው ተከሳሽ ጠበቆች ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ባቀረቡት ሰነድ ላይ ምሥጢሩን በጥቁር ሸፈኑት፤ ጽሑፉ ግን ከሥሩ ስለነበረ ጋዜጠኞች ቀድተው አነበቡት። ጥቁር መቀባት ማለት ከፋይሉ ማውጣት ማለት አይደለም። ፊርማውም ከዚህ በኋላ ይደረግ፤ ስሙ የተሰወረበት ቅጂ ተፈርሞ ለሕዝብ ይቅረብ፣ ሙሉው ደግሞ በመዝገብ ቤት ይጠበቅ። የባለሥልጣንና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ግን በዚህ ሰበብ ሊሸሸግ አይገባም፤ ገመና የግለሰብ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከዚሁ ከአካባቢያችን የሚነሣ ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት የኢንተርኔት ውሳኔ ለማን ነው? ወረቀቱ አይሻልም ወይ? ወረቀቱ ያስፈልጋል፤ ይቀጥልም። ግን ወረቀት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወረቀት ምን ሊሆን እንደሚችል ይህ ሕዝብ አይቷል። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ሰነድ፣ ወረቀትም ይሁን ሰርቨር፣ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። የተፈረመ ፋይል ግን በሺህ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሁሉም ቅጂ እኩል ይታመናል። ኔትወርክ ባለበት ወር የወረደው ቅጂ ኔትወርክ በጠፋበት ወር በወረዳው ፍርድ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል፣ ይመረመራል፤ ለመመርመር ኢንተርኔት አያስፈልግምና። ስለዚህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየዓመቱ የውሳኔዎቹን ዝርዝር፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ያንን 64 ምልክት አሳትሞ ለየወረዳው ፍርድ ቤት ቢልክ፣ አንድ ቅጂም በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጥ፣ ወረቀቱና ኮምፒዩተሩ እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የሚጠይቀው በየቀኑ ሳይታክት የሚሠራ አንድ ኃላፊነት ያለው ክፍል ነው።

«ታዲያ ገበሬው ይህን ስሌት ሊሠራ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይሠራም፤ አያስፈልገውምም። ተቃራኒው ወገን ይሠራዋል፣ ራፖር ጸሐፊው ልጁን አሠርቶ ያየዋል፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቤቱታ ሲቀበል የተጠቀሰውን ውሳኔ በአንድ ደቂቃ ያመሳክራል። ሊመረመር እንደሚችል የሚያውቅ ሐሰተኛ አስቀድሞ ያስባል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በባሕር ዳር ያለውን የክልላችንን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚመለከት ነው። በዚህ አገር ሰው ወደ ፍርድ ቤት ከሚሄድባቸው ጉዳዮች ዋነኛው የገጠር መሬት ነው፤ ለእርሱም በ2009 ዓ.ም. የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252 ወጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 በክልል ጉዳይ ላይ የሰበር ሥልጣን ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። ስለዚህ እስካሁን ስለ አዲስ አበባው ችሎት የተናገርኩት ሁሉ ለክልላችን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይሠራል፤ የማሽላና የማሾ ማሳችን ዕጣ የሚወሰነው በእርሱ ትርጉም ነውና። በቆላው አርጎብኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ባለጉዳዮችም አሉ፤ የውሳኔው አጭር ይዘት በቋንቋቸው ቢቀርብላቸው መልካም ነው፣ የሚፈረምበት ቅጂ ግን የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይለይ። ከእናንተ መካከል የፍርድ ቤት ሠራተኞች፣ ጠበቆችና ራፖር ጸሐፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ያልኩት በሥራችሁ ላይ የማይሄድ ከሆነ የት ላይ እንደማይሄድ ንገሩኝ።